የባሌ እሳት የሚጠፋው በኅዳር ነው

ይህን የምጽፈው መስከረም ላይ ነው። በባሌ ተራሮች ላይ ባለችው የሪራ መንደር ሰሞኑን እንጨቱ ሁሉ ረጥቦ ምድጃ ውስጥ እንኳ አልያዝ ስላለ፣ እናቶች ጭስ እያስለቀሳቸው ሲያራግቡ ይውላሉ። ከሰነቲ አምባ ወደ ሀረና ደን ቁልቁል ሲወረድ ጉሙ መኪናውን ይውጠዋል፤ ከአስታ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንዠረገገው የዛፍ ሽበት ውሃ ያንጠባጥባል። በዚህ ወቅት ስለ ሰደድ እሳት ላውራ የሚል ሰው ጊዜውን የሳተ ይመስላል። እኔ ግን ከሃያ ዓመት በላይ በባሌ ደን ዙሪያ ስሠራ፣ ስለ እሳት መነጋገር ያለብን ማንም በማያነሳው በዚህ ወቅት እንደሆነ አይቻለሁ። በጥርና በየካቲት ጭሱ ሲነሳ ሁሉም ይናገራል፣ ሁሉም ይሮጣል። ያኔ ግን ሩጫው ከእሳቱ ኋላ ነው።

እሳትን በቅርብ ያወቅሁት በ1992 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ ነው። ጎባ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀርቶ ነበር፤ የጓሮ ጎመን ጠውልጎ፣ ከብቱም አጥንቱ ወጥቶ ነበር። ትምህርት ተቋርጦ በጭነት መኪና ተሳፈርን። ሰነቲን አቋርጠን ገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ ሹፌሩ ቆመ። መሽቷል። ከታች፣ ሀረና መሆን በነበረበት ቦታ፣ ከተማ ያለ መሰለኝ። ከጎኔ የነበረ ልጅ «ይሄ ሁሉ መብራት የማነው?» አለ። ማንም አልመለሰለትም።

እጃችን ላይ የነበረው ከመንገድ ዳር የቀጠፍነው እርጥብ ቅርንጫፍ ነው። ገጀራ የያዘ ከመካከላችን አራት ሰው ቢገኝ ነው። እኔ ያደረግሁት የፕላስቲክ ጫማ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ እኛ ግን ቅጠል ይዘን የደረስነው ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ የእሳቱን ጠርዝ በቅጠል ስንመታ ዋልን። ሦስተኛው ቀን ማታ ነበልባሉ ወደቀ። ተቃቀፍን፤ የጮኸም ነበር። ቆሎ ተካፍለን በቡድን በቡድን ተቀመጥን። እኔ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ጀርባዬን አስደግፌ ስቀመጥ መሬቱ ሞቅ አለኝ። ብርድ ስለነበር ደስ ነው ያለኝ። ጥቂት ቆይቶ የሚቃጠል ፕላስቲክ ሸተተኝ። ልነሳ ስል የጫማዬ ሶል ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ቀረ። የሪራ ሰው የሆኑ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው የእጃቸውን ጀርባ ወደ ብስባሹ ሰደዱና ወዲያው መለሱት። «አልጠፋም፤ ገብቷል» አሉ።

ገብቷል። በዚያ ደን የረገፈው ቅጠልና የበሰበሰው እንጨት ለዘመናት ተደራርቦ ጉልበት ድረስ የሚያሰምጥ ነው። በደህናው ጊዜ ውሃ እንደ ጠጣ ስፖንጅ ነው፤ በዚያ ዓመት ግን እስከ ታች ደርቆ ነበር። እሳቱ ያለ ነበልባልና ያለ ድምፅ ሥር ለሥር ይሄዳል። ሌሊቱን የሰማነው የዛፍ አወዳደቅ ነው። ሥሩ ከታች ተበልቶ ያለቀ፣ ላዩ ለምለም ቅጠል የተሸከመ ዛፍ ነፋስ ሳይነካው ተገንድሶ ይወድቃል። አንዱ ወድቆ ዝም ሲል ሌላው ከሩቅ ይሰማል። ሲነጋ እሳቱ ከጀርባችን፣ እኛ ከተኛንበት አርባ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ብቅ አለ። ሽማግሌው አካፋ ተቀብለው ቅጠሉን፣ ብስባሹን፣ ሥሩን እየቆረጡ ቀይ አፈር እስኪታይ ቦይ መቆፈር ጀመሩ። በቅጠል መምታት ምን ያህል ከንቱ ድካም እንደነበረ ያኔ ገባኝ። መሬቱ ግን እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ነበር። እስከ ቀትር አሥር ሰው ሆነን የቆፈርነው ከአንድ ቤት አጥር አይበልጥም።

በዚያ ዓመት በባሌ፣ በቦረናና በሌሎች አካባቢዎች ከ100,000 ሄክታር በላይ ደን ነደደ። ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመን፣ ከአሜሪካና ከካናዳ የእሳት ባለሙያዎች መጡ። ገበሬው፣ ተማሪው፣ ወታደሩ በብዙ ሺህ ወጣ። ያ ሁሉ ሰው የደከመው ድካም ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም፤ እኔም ከመካከሉ ነበርኩ። ሥራውን የጨረሰው ግን የበልጉ ዝናብ ነው። በ1976ቱ ድርቅም ሰፊ ደን ነዶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ ተራው የሰሜን ተራሮች ሆነ። ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፤ የደባርቅና የአካባቢው ሕዝብ ገደል ለገደል ሲሮጥ ሰነበተ። ከእነዚህ ሁሉ እሳቶች በሕዝብ ዘንድ የቀረው ትዝታ ሄሊኮፕተሩ ነው። ሄሊኮፕተር ከመምጣቱ በፊት ስለነበሩት አራትና አምስት ወራት የሚጠይቅ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

የእኔ ጥያቄ ስለ እነዚያ ወራት ነው።

የባሌን እሳት ለመረዳት በመጀመሪያ አስታን ማወቅ ያስፈልጋል። ኦሮምኛው ሳቶ ይለዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ገደማ ጀምሮ ተራራውን እንደ መቀነት የሚዞረው እሱ ነው። ቅጠሉ ደቃቅ ነው፤ ደርቆ ከተያያዘ እሳት ውስጥ የተበተነ ጨው ይመስል ይንጣጣል። ሆኖም አስታ ሁሉ አንድ አይደለም። ከተቃጠለ ጥቂት ዓመት የሆነው ከጉቶው አቆጥቁጦ ለምለም ነው፤ በመካከሉ ሣር ይበቅላል፣ እሳት ቢመጣበት አያሳልፍም። ዓመታት ሲያልፉ ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፣ የታችኛው ቅርንጫፉ ይደርቃል፣ እርስ በርሱ ይጠላለፋል። ያኔ አንድ ክብሪት ይበቃዋል። እሳቱም በቀን ነፋሱ ሽቅብ ስለሚነፍስ ተዳፋቱን ይዞ በሩጫ ይወጣል፤ ማታ አየሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ታች፣ ወደ ሀረና ይመለሳል።

ሀረና ሌላ ፍጥረት ነው። ከላይ ቀርከሃውና ኮሶው፣ ዝቅ ሲባል ዝግባው፣ ከዚያም በታች ማንም ያልተከለው የጫካ ቡና። የዛፎቹ ቅርፊት በአብዛኛው ስስ ነው፤ እሳት የለመደ ዛፍ እንደዚያ አይደለም። እንዲህ ያለ እርጥብ ደን በደህናው ዓመት ቢለኩሱትም እንቢ ይላል። እንዲነድ ዝናብ የቀረበት ዓመት መምጣት አለበት፣ ደኑም ቀድሞ መከፈት አለበት። ትልልቁ ዛፍ ተቆርጦ ፀሐይ መሬት ሲያገኝ፣ ለእርሻ ወይም ለቡና ተብሎ የታችኛው ቁጥቋጦ ሲመነጠር፣ ነፋስ መግቢያ ሲያገኝ ብስባሹ ይደርቃል። ዝናቡን ማዘዝ አንችልም። ደኑን የምንከፍተው ግን እኛ ነን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። በሥራዬ «ሕገወጥ ቃጠሎ» የሚል ርዕስ ያለው ሪፖርት ስንቴ እንደጻፍኩ አላስታውስም። የለኮሰው ሰው አልታወቀም፣ ወይም ተይዞ ለሕግ ቀርቧል ብዬ እፈርምና ወደሚቀጥለው እሳት እሄድ ነበር። ይህን ልማድ እንዳቆም ያደረጉኝ በ1992 እጃቸውን ብስባሹ ውስጥ የከተቱት እኚያው ሽማግሌ ናቸው። ከዓመታት በኋላ ለሥራ ሪራ ተመልሼ አገኘኋቸው። አላስታወሱኝም፤ የጫማውን ነገር ስነግራቸው ግን ሳቁ። ወተት ቀርቦልን ስንጫወት ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ድሮ እሳት አልነበረም እንዴ?»

«እሳትማ ነበር» አሉኝ። «የእኛ ነበር እንጂ።»

ከዚያ ያጫወቱኝ ረጅም ነው። ጎዳንቱ በሚሉት ሥርዓት ከብቱን እንደ ወቅቱ ወደ ደጋው ይዘው ሲወጡ፣ አባቶቻቸው ተቀምጠው የትኛው አስታ እንደሸመገለ ይነጋገሩ ነበር። የሸመገለ አስታ ከብት አያበላም፤ ለከብት የማይሆን አባጨጓሬ ይወልዳል፤ ነብርና ጅብ ያስጠጋል። ስለዚህ ያቃጥሉታል። ግን በማንኛውም ቀን አይደለም። በጋው አልቆ ደመናው መሰባሰብ ሲጀምር፣ ዝናቡ ሲሸት ነው። ቦታውም እንደዚሁ ይመረጣል፤ ባለፉት ዓመታት የተቃጠለና ገና ለምለም የሆነ አስታ በዙሪያው መኖር አለበት፤ እሳቱ እዚያ ሲደርስ ይሞታል። ጎረቤት ይጠራል፣ ቅርንጫፍ ይዞ በግራና በቀኝ ይቆማል። «እሳት ለኩሶ ጥሎ መሄድ ነውር ነበር» አሉኝ፤ «ልጅ ወልዶ ጥሎ እንደ መሄድ።»

«አሁንስ?»

«አሁን የሚለኩሰው ልጅ ክብሪቱን ጥሎ ይሮጣል። ከተያዘ እስር ነው። ስለዚህ በሌሊት ይለኩሳል፣ ማንንም አይጠራም። ወዴት እንደሄደ እንኳ ዞሮ አያይም።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ የጻፍኳቸውን ሪፖርቶች በሌላ ዓይን አነበብኳቸው። ክልከላው እሳቱን አላስቀረም፤ ጭሱ ዓመት በዓመት ይነሳል። ያስቀረው ከእሳቱ አጠገብ ይቆም የነበረውን ሰው ነው። ጎረቤቱን፣ ቅርንጫፉን፣ የተመረጠውን ቀን ያስቀረ ሕግ እጃችን ላይ የተወው የተለኮሰና ባለቤት የሌለው እሳት ነው።

ሽማግሌው ያሉት የአንድ ሰው ትዝታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። የስዊድን ተመራማሪዎች ከአገራችን ምሁራን ጋር ሆነው በባሌ አስታ ላይ ዓመታት የወሰደ ጥናት ሠርተዋል፤ ውጤቱ ከታተመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ወጣት አስታ እሳት እንደማያሳልፍና የተለያየ ዕድሜ ያለው አስታ ተሰባጥሮ ሲገኝ ተራራው ራሱን በራሱ እንደሚከላከል አሳይተዋል። ቃጠሎ በጭፍኑ ቢከለከል የሸመገለው አስታ ተያይዞ አንድ ቀን አንድ ላይ ሊነድ እንደሚችልም አስጠንቅቀዋል። ሽማግሌው ማንበብ አይችሉም ነበር። የጥናቱን ጭብጥ በኦሮምኛ ስተርክላቸው «ይህን ለማወቅ ነው ከዚያ ድረስ የመጡት?» ነው ያሉኝ፤ ቅር ተሰኝተው ሳይሆን፣ የሚሰማቸው በመገኘቱ ተደስተው።

የሚቃወመኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። ከብቱ በዝቷል፣ ሰዉም በዝቷል። በጥቂት ዓመት ልዩነት እየተመላለሱ ማቃጠል አስታውን ከቁጥቋጦነት አያሳልፈውም፤ ዛፍ ሆኖ ጉም መያዝ፣ ውሃ ማጠራቀም አይችልም። ከባሌ ተራሮች የሚነሱት ወንዞች በቆላው እስከ ሶማሊያ ድረስ ላለ 12 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ውሃ ናቸው ይባላል፤ በዓለም ላይ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት እዚሁ ነው። መስከረም 2016 ዓ.ም. የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ጎባ ላይ እንደ ልጅ ነው የተደሰትኩት። ስለዚህ «ይለቀቅና እያንዳንዱ እንደፈለገ ያቃጥል» የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። ሀረና ውስጥ፣ ከአስታው በታች፣ አንድም እሳት መለኮስ የለበትም። መሬት ለመያዝ ሲል ደን የሚያቃጥል ሰውም ወንጀለኛ ነው፤ በሕግ መጠየቅ አለበት። የምለው፣ ያን ሰውና ዝናቡን ጠብቆ የሸመገለ አስታ የሚያድሰውን ከብት አርቢ በአንድ ስም አንጥራቸው ነው። አንድ ስም ስንሰጣቸው ሁለቱም በሌሊት መለኮስ ጀመሩ።

የሰሜን ተራሮቹም እሳት ከዚህ ብዙ አይርቅም። በዚያ ግጭ በሚባለው ቦታ ይኖር የነበረው ሕዝብ ከ2011 በፊት ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ተነስቶ ደባርቅ ሰፍሯል። ግጦሽ በቆመበት ቦታ ጓሳው ይወፍራል፤ ለዋልያውና ለጭላዳው መልካም ነው። ነገር ግን የወፈረ ጓሳ በበጋ ይደርቃል። ከብቱ ይመለስ አልልም። ሣሩን ይበላ የነበረውን በሬ ስናወጣ ግን ለሣሩ ሌላ ሐሳብ ማሰብ ነበረብን። ቦታውን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቀው ሰው ደግሞ ሲነድ የደረሰው ከከተማ በእግሩ ሽቅብ ወጥቶ ነው።

በኅዳር ምን ይሠራል? ዝናቡ ሲወጣ፣ መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ፣ ቀይ አፈር የሚያሳይ ቦይ መቆፈር ቀላል ሥራ ነው። እኛ በየካቲት አሥር ሆነን ያቃተንን ቦይ በኅዳር ሁለት ሰው ይጨርሰዋል፤ ሞክሬ አይቼዋለሁ። ከሪራ በላይ አስታውና ደኑ የሚገናኙበትን መስመር፣ የከብት መንገዶቹንና የመኪናውን መንገድ ግራና ቀኝ ጠርጎ መያዝ ይቻላል። የትኛው አስታ እንደሸመገለ ከሽማግሌዎች ጋር ዞሮ ምልክት ማድረግ፣ የትኛው ቀበሌ የቱን ሸንተረር እንደሚጠብቅ መነጋገር፣ ጭስ ያየ ልጅ ለማን እንደሚደውል መወሰን ይቻላል። ዛሬ በሳተላይት የሚታይ የእሳት ሙቀት በጥቂት ሰዓት ውስጥ በስልክ ይገኛል፤ ናሳ በነጻ ያወጣዋል። እኔም ስልኬ ላይ እከታተለዋለሁ። ቀይዋ ነጥብ ስልኬ ላይ ስትበራ ግን፣ ከነጥቧ አጠገብ ያለውን እረኛ ስልክ ቁጥር ካልያዝኩ ነጥቧ ምንም አትጠቅመኝም።

ስለ መሣሪያ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚቀርበው በጀት የለም የሚል መልስ ነው። ባሌ የስንዴ አገር ነው። ከሲናና እስከ አጋርፋ ብዙ ገበሬ ቤት በጀርባ የሚታዘል፣ አሥራ አምስት ሊትር ገደማ የሚይዝ የአረም መድኃኒት መርጫ አለ። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ማለትም እሳቱ በሚነሳባቸው ወራት፣ መርጫው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው የሚከርመው። በደንብ ታጥቦ ውሃ ቢሞላ፣ ቦይ ከተቆፈረ በኋላ ጠርዙን ለማርጠብና የሚበርረውን ፍንጣሪ ለማጥፋት ከዚህ የተሻለ ዕቃ በአካባቢው የለም። አንድ ዓመት አንድ ቀበሌ ላይ ሃያ ሰባት መርጫ ቆጥሬአለሁ። አንዱም ወደ እሳት ወጥቶ አያውቅም፤ ይምጣ ያለም ሰው አልነበረም። ገበሬው ሲጠየቅ «እሰጣለሁ፣ ቢበላሽ ማን ይከፍለኛል?» ነው ያለው። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ በኅዳር በወረቀት ቢሰጠው፣ በየካቲት መርጫውን አዝሎ ይመጣል።

ስለ ማር ቆራጮችም ልናገር፤ በየጊዜው እሳቱ በእነሱ ይመካኛልና። ከሪራ ወደ ደሎ መና በሚወስደው መንገድ አንድ ማር ቆራጭ አውቃለሁ። ሀረና ውስጥ ቀፎ የሚሰቀለው ከፍ ካለ ዛፍ ላይ ነው፤ ማሩ የሚቆረጠው በሌሊት፣ ችቦ እያጨሱ ነው። ከችቦው የሚረግፈው ፍም ከሃያ ሜትር ከፍታ ወርዶ ደረቅ ቅጠል ላይ ያርፋል። ይህ ሰው ከመውጣቱ በፊት ከዛፉ ሥር ሦስት እርምጃ ያህል ዙሪያውን በቅርንጫፍ ይጠርጋል፤ አፈሩ እስኪታይ። ልጁን ዘይት በነበረበት ቢጫ ጀሪካን ውሃ አስይዞ ከታች ያቆመዋል። ፍም በወረደ ቁጥር ልጁ በእጁ ውሃ እያፈሰ ያጠፋዋል፤ የሚፈስ ውሃ እንዳይባክን ጠብታ በጠብታ። ሲጨርሱ አባትየው ወርዶ ጫማውን አውልቆ የተጠረገውን መሬት በባዶ እግሩ ይረግጠዋል፤ የሚሞቅ ቦታ እንዳለ ለማወቅ። አንድ ሌሊት አብሬአቸው አምሽቼ ነው ያየሁት። ማን አስተማረህ ስለው፣ ማንም፤ ከዓመታት በፊት የነደደው የገዛ ቀፎዎቹ እንደነበሩ ነገረኝ። ይህ ሰው ለሌሎች ማር ቆራጮች አስተማሪ ሆኖ አበል ቢከፈለው፣ ማንኛውም ስብሰባ ላይ ከሚታደለው ወረቀት የበለጠ ደን ያድናል ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሁሉ አዲስ ነገር አይደለም። በዚሁ በባሌ ተራሮች ምዕራብ፣ አዳባና ዶዶላ ላይ፣ ከሃያ ዓመት በፊት ዋጂብ የሚባሉ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቁመው ነበር። አንድ ማኅበር ከ30 አባወራ አይበልጥም፣ የሚረከበውም ደን ከ360 ሄክታር አያልፍም ነበር። ስሌቱ ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ነበር። ደኑ ባለቤት ነበረው፤ ባለቤቱም ጎረቤቱን በስም ያውቅ ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ ጭስ ቢነሳ «ያልታወቀ ሰው ለኮሰው» ብሎ መጻፍ አይቻልም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብንና የማኅበርን ደን በስም አውቆ መብት ሰጥቷል። ለኃላፊነት መሠረቱ ተጥሏል ማለት ነው። የጎደለው፣ በዚህ መሠረት ላይ ቆሞ አስታን በተወሰነ ቀን፣ በተወሰነ ቦታ፣ በባለሙያና በሽማግሌ ፊት ማቃጠልን የሚፈቅድ ግልጽ መመሪያ ነው። ያን የሚጽፉት አዲስ አበባ ያሉ ጠረጴዛዎች ናቸው። እኔ ከዚህ ሆኜ የምችለው መለመን ነው፤ እየለመንኩም ነው።

ሽማግሌው ከሁለት ዓመት በፊት አረፉ። ባለፈው ሚያዝያ ለቅሶ ያልደረስኩበትን ለመካስ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ከብቱን አሁን የሚጠብቀው የልጅ ልጃቸው ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። አስራ ሁለተኛን ጨርሶ ወደ ከብቱ ተመለሰ። ቡና ከጠጣን በኋላ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ሸንተረር ይዞኝ ወጣ። ከፊታችን ያለው አስታ አያቱ ለመጨረሻ ጊዜ ያቃጠሉት መሆኑን ነገረኝ። ቁመቱ ከሁለታችንም ይበልጣል። ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ ስመለከት ከጉልበት በታች ያለው ሁሉ ግራጫ ነው፤ አንዱን ቅርንጫፍ ስይዘው እጄ ላይ ተሰበረ። ከሸንተረሩ ማዶ ቁልቁል ሀረና ይጀምራል።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ቀን ለይቼ፣ ጎረቤት ጠርቼ፣ ለእርስዎም ደውዬ ይህን ባቃጥለው ያሳስሩኛል?»

ልዋሸው አልፈለግሁም። አሁን ባለው ወረቀት አዎ፣ አልኩት።

ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ የሰበርኩትን ቅርንጫፍ ከእጄ ተቀብሎ በጣቱ ፈረከሰው። «እኔ ባላቃጥለው ሌላ ሰው ያቃጥለዋል» አለ። «ያ ሰው ግን አይደውልልዎትም።»

ስልክ ቁጥሬን ጻፍኩለት፤ የእሱንም ያዝኩ። መልስ ይዤ በኅዳር እመለሳለሁ ብዬው ነው የወረድኩት። ይህን የጻፍኩት ያን ቀን ባዶ እጄን እንዳልሄድበት ነው።